መዝሙር ጥናት ወይስ እናቴ?

የአንባቢያን ጥያቄና የሲስተር መልስ

ዐቢይ ጾም ሲገባ ጥያቄው ይበዛል። በቴሌግራምም ይመጣል፣ በወረቀትም ይመጣል። በሌላው ጊዜ ስለ ባልና ስለ አማት የሚጽፉልኝ ሰዎች፣ በዚህ ሰሞን «ክርስትናዬን እንዴት ልኑረው?» ይላሉ። እኔ ሰባኪ አይደለሁም። ዕድሜዬን ሆስፒታል ዋርድ ውስጥ የጨረስኩ ጡረተኛ ነርስ ነኝ። ስለዚህ መልሴ ላይ አልጋና አንሶላ ቢበዛ አትፍረዱብኝ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እንደምን ሰነበቱ? የ27 ዓመት ወጣት ነኝ፤ ባንክ ውስጥ እሠራለሁ። በደብራችን ሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪ ነኝ፤ የመዝሙር ክፍሉም ጸሐፊ ነኝ። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ማታ ጥናት አለን። እናቴን ስትሮክ ከመታት ዓመት አልፏታል። ቀኝ ጎኗ አይንቀሳቀስም፤ አንደበቷም ተይዟል። ሥራዋን ትታ የምታስታምማት ታላቅ እህቴ ናት። ባለፈው ከጥናት ስገባ «አንቺ ለእግዚአብሔር ዘምሪ፤ እኔ የእናታችንን ሽንት ልጥረግ» አለችኝ። አገልግሎቴን ብተው እግዚአብሔር የሚቀየመኝ ይመስለኛል፤ ባልተው እህቴን አጣኋት። ምን ይሻለኛል? — ከገርጂ

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ የእህትሽ ንግግር ይመራል። ውሸት ግን የለበትም። እሱን ዋጥ አድርጊውና እንቀጥል።

«እግዚአብሔር ይቀየመኛል» ካልሽው ልነሣ። በጌታችን ዘመን አንድ ብልጠት ነበር። ሰውየው እናትና አባቱን የሚጦርበትን ነገር «ቁርባን ነው፤ ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» ይላል። በቃ! ከመጦር ነጻ ወጣ፤ ሃይማኖተኛም ተባለ። ጌታ ይህን አላመሰገነም። ማርቆስ ምዕራፍ 7ን ከቁጥር 9 እስከ 13 አንብቢውና ምን እንዳላቸው እይ። አንቺ ገንዘብሽን አልከለከልሻትም ይሆናል። ማታ ማታሽን ግን «ቁርባን ነው» ብለሻታል።

ሌላም ልጨምርልሽ። የጾሙ አራተኛ ሰንበት መጻጉዕ ነው፤ እናንተው ናችሁ የምትዘምሩለት። 38 ዓመት በደዌ የቆየውን ሰው ጌታ «ልትድን ትወዳለህን?» ቢለው «አዎ» እንኳን አላለም። «ሰው የለኝም» ነው ያለው። በዋርድ ዘመኔ ይህን ቃል ስንቴ ሰማሁት! ሐኪም አለ፣ መድኃኒት አለ፣ ሰው የለም። እናትሽ ሰው አላት። ያላት ግን አንድ ሰው ነው፤ ያም ሰው ደክሞታል።

መዝሙሩን ጭራሽ ተዪው አልልሽም። ጸሐፊነቱን አስረክቢ፤ መዝገብ የሚይዝ አይጠፋም። ቅዳሜን ያዢ፤ ማክሰኞና ሐሙስ ግን የእናትሽ ይሁኑ። በነዚያ ሌሊቶች እህትሽ ሌላ ክፍል በሩን ዘግታ ትተኛ። እሑድ ደግሞ በተራ አስቀድሱ። እሷም እኮ ክርስቲያን ናት! እናታችሁ ከታመመች ወዲህ ስንት ጊዜ እንዳስቀደሰች እስቲ ጠይቂያት።

አሁን ነርስነቴ ይናገር። ተራሽ ሲደርስ በየሁለት ሰዓቱ ጎኗን ለውጪላት፤ ስልክሽ ላይ አላርም ሙዪ። አንዴ በጀርባ፣ አንዴ በግራ ጎን፣ አንዴ በቀኝ። ስታገላብጫት በቀኝ እጇ አትጎትቻት፤ የዛለ ትከሻ ቶሎ ይወልቃል። አንሶላው ላይም አትጎትቻት፤ ቆዳው ይላጣል። የሚያግዝሽ ሰው ሲኖር ለሁለት ሆናችሁ በአንሶላው አንሥታችሁ አዙሯት። መብራት አብሪና መቀመጫዋን፣ ከወገብ በታች ያለውን አጥንት፣ ዳሌዋንና ተረከዟን እይ። በእኛ ቆዳ ላይ ቅላቱ ላይታይ ይችላል፤ ጠቆር ያለ፣ የሚሞቅ ወይም ጠንከር ያለ ቦታ ካገኘሽ ማስጠንቀቂያ ነው። እዚያ ላይ ዳግመኛ አታስተኚያት፤ አትሺውም። እናቶቻችን ሲያዩት በቅባት ማሸት ይወዳሉ፤ ይብሳል እንጂ አይሻለውም። ትራሱን ከባቷ ሥር አድርጊው፤ ተረከዟ ፍራሹን አይንካ። ስትመግቢያት ቀጥ አድርገሽ አስቀምጫት፤ ጉርሻው በደህናው ጎን ይግባ፤ ካሳላት ማጉረሱን አቁሚ። ከበላች በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል አትተኛ።

በነገራችን ላይ፣ ጾም ነው ብላችሁ ወተትና እንቁላል ከልክላችኋት ከሆነ የንስሐ አባታችሁን አነጋግሩ። ቤተ ክርስቲያን በሽተኛን በጾም አታስጨንቅም። የመኝታ ቁስል ደግሞ ያለ ገንቢ ምግብ አይድንም።

አንድ ደስ የሚል ነገር ደግሞ ልንገርሽ። በስትሮክ አንደበታቸው የተያዘ ሰዎች አንዳንዴ መናገር አቅቷቸው መዘመር ይችላሉ። የንግግርና የዜማ መንገድ ጭንቅላት ውስጥ አንድ አይደለም። የልጇን ስም መጥራት ያቃታት እናት፣ በልጅነቷ የምታውቀውን መዝሙር ከነቃሉ ስትል ሰምቻለሁ። ስለዚህ ማክሰኞ ማታ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጪና ጥናትሽን እዚያው አጥኚ። አዲሱን ሳይሆን እሷ የምታውቀውን አስቀድሚ። ቀስ በይና አፏን ተመልከቺ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ መርካቶ ቅቤ ተራ ተቀጣሪ ነኝ። ለፋሲካ እያከማቸን ነው። አሠሪዬ ቅቤው ላይ የሚረጋ ዘይት ያስቀላቅላል። ቀላቃዩ ሌላ ልጅ ነው፤ እኔ ሻጭ ነኝ። ደንበኛ «ንጹሕ ነው?» ሲለኝ «ለጋ ነው እናቴ፣ ይውሰዱ» እላለሁ። አሠሪዬ የሚጾም፣ አሥራት የሚያወጣ፣ ደብሩ ውስጥ የተከበረ ሰው ነው። እኔ ደግሞ ገጠር ለቤተሰብ እልካለሁ። ብወጣ ማን ይቀጥረኛል? — ከመርካቶ

መልስ፦ ልጄ፣ «ሻጭ ነኝ እንጂ ቀላቃይ አይደለሁም» የሚለውን ሒሳብ ወዲያ ጣለው። ደንበኛዋ የምታምነው ያንተን አፍ ነው። ቅቤውን ወስዳ ምን እንደምታደርገው ታውቃለህ? ለአራስ ልጇ ገንፎ መሐል ታደርገዋለች። ለጋ ቅቤ አበላሁ ብላ ዘይት ታበላታለች።

ወደ ዮሐንስ መጥምቅ የመጡትን ቀራጮች አስብ። «ምን እናድርግ?» አሉት። ሥራውን ልቀቁ አላላቸውም። ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ አላቸው (ሉቃስ 3፥13)። ይህ ላንተ የመጀመሪያው ደረጃ ነው። ከነገ ጀምሮ «ንጹሕ ነው» የሚለው ቃል ካንተ አፍ አይውጣ። «ቀምሰው፣ አሽትተው ይውሰዱ፤ እኔ አልምልም» በል። ገዢ ይገባዋል፤ የመርካቶ ገዢ ቂል አይደለም።

ሁለተኛው ይከብዳል። አሠሪህን ለብቻው ንገረው። ሰው ፊት አይደለም፤ ስልክ ላይም አይደለም። ሱቅ ሲዘጋ፣ በአክብሮት፦ «ጋሼ፣ ይህን እየሸጥኩ መቁረብ አልቻልኩም። ንጹሑን ለይተው ይስጡኝና እሱን ልሽጥ።» ሊቆጣ ይችላል። ሊያባርርህም ይችላል። አያባርርህም ብዬ አልሸነግልህም። ስለዚህ ከመናገርህ በፊት ሌላ ሥራ ማፈላለግ ጀምር፤ የወር ወጪህን ያህልም ከቻልክ ያዝ። ብልህነት ክህደት አይደለም።

የእሱን አሥራት ግን ለእሱና ለንስሐ አባቱ ተውላቸው። ዘኬዎስ ያታለለውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ራሱ ነው፤ ሠራተኛው አይደለም ያለለት።

ጥያቄ፦ እንደ ዶክተር አበበች ጎበና ሕፃናት ማሳደጊያ መክፈት እመኛለሁ። ደመወዜ ግን ለቤት ኪራይም አይበቃ። ከየት ልጀምር? — ከሐዋሳ

መልስ፦ እሳቸውም ማሳደጊያ ልክፈት ብለው አልተነሡም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ሲሄዱ ረሃብ የጣለውን ሕዝብ መንገድ ላይ አዩ። ሁለት ልጆች ይዘው ቤታቸው ገቡ። ቤተሰባቸው አልተቀበለውም፤ እሳቸውም ልጆቹን ይዘው ከቤት ወጡ። በ2013 ዓ.ም. ሲያርፉ አገር የሚያውቀው ድርጅት ጥለው ሄዱ፤ የተጀመረው ግን በሁለት ልጅ ነው።

የጾሙ ስድስተኛ ሰንበት ገብርኄር ይባላል፤ ወንጌሉም የመክሊቱ ነው። ማቴዎስ 25 ላይ ቁጥር 21ንና 23ን ጎን ለጎን አድርገሽ አንብቢ። ለባለ አምስቱና ለባለ ሁለቱ የተሰጠው ምስጋና አንድ ነው። ጌታው «አንተ ሦስት ጎደለህ» አላለውም። ስለዚህ የግቢሽን ልጆች ቁጠሪ። ደብተር የሌለው የትኛው ነው? ምሳ ሳይቋጠርለት ትምህርት ቤት የሚሄደውስ? አንዱን ያዢና እስከ ሰኔ አድርሺው። ለእናቱም ሳታሳፍሪያት ንገሪያት፤ ፎቶ አንሥተሽ ፌስቡክ ላይ እንዳትለጥፊው አደራ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ሪያድ የቤት ሠራተኛ ነኝ። ቤተ ክርስቲያን ከረገጥኩ ዓመታት ሆነኝ። ጾም ገባ ወጣ አላውቅም፤ የሚሰጠኝ የተረፈው ሩዝ በሥጋ ነው። ከልጆቹ ሌላ የማዳም እናት አሉ፤ እሳቸውን የማጥበው እኔ ነኝ። ቀን ደህና ይሆኑና ማታ ይሰድቡኛል፤ «ሌባ፣ ወርቄን ወሰድሽ» ይሉኛል። አንዳንዴ እጄ ይንቀጠቀጣል። ክርስትናዬ አለቀ እንዴ? — ከሪያድ

መልስ፦ የኔ እናት፣ አላለቀም። ጨርሶ አላለቀም።

2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 5 ላይ አንዲት ልጅ አለች። ከአገሯ ተማርካ በንዕማን ቤት የሚስቱ አገልጋይ ሆነች። ስሟ እንኳን አልተጻፈም። ቤተ መቅደስ የለም፣ ካህን የለም፣ ዘመድ የለም። ጌታዋ በለምጽ ሲያዝ ግን «ይበለው» አላለችም፤ የሚድንበትን ነገረቻቸው። ንዕማን የዳነው በዚያች ልጅ አፍ ነው። አንቺ አሮጊቷን ስታጥቢ የምትሠሪው ሥራ ከዚያ አይለይም።

ስለ ጾሙ፦ ዳንኤል በባዕድ ቤት ሆኖ አትክልት እንዲሰጡት በትሕትና ጠየቀ፤ የ10 ቀን ሙከራ ብቻ። አንቺም ማዳምን ባገኘሻት ሰዓት «ለእኔ ሥጋ አይጣልብኝ፤ ሩዝና ምስር ይበቃኛል» በያት። ፉልና ተምር እዚያ ቤት አይጠፋም። እሺ ካላለች የተሰጠሽን ብዪ፤ የንስሐ አባትሽን በስልክ አግኝተሽ የሚሉሽን አድርጊ። ተርበሽ ሥራ ላይ እንዳትወድቂ።

ደግነት ማለት ግን ደመወዝሽን መተው አይደለም። ያዕቆብ 5፥4 የሠራተኛ ደመወዝ ሲቀር ይጮኻል ይላል፤ እግዚአብሔር የሚሰማውን ጩኸት አንቺ ዝም ልታሰኚው አይገባም። የፓስፖርትሽንና የኢቃማሽን (የመኖሪያ ፈቃድሽን) ፎቶ አገር ቤት ላለ ለምታምኚው ሰው ላኪ። ደመወዝ የተከፈለሽን ቀን በደብተር ያዢ። ከተመታሽ ወይም ከተከለከልሽ ኤምባሲያችን እዚያው ሪያድ አለ፤ ጅዳ ደግሞ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት አለ።

አሮጊቷን በተመለከተ አንድ የጠረጠርኩት አለ። ቀን ደህና ሆኖ ማታ የሚነሣ ስድብ፣ «ወርቄን ሰረቅሽ» የሚል ክስ፣ ብዙ ጊዜ የመርሳት በሽታ ጠባይ ነው። ክፋት ላይሆን ይችላል። አትከራከሪያቸው። «አልወሰድኩም» ከማለት «ኑ አብረን እንፈልገው» ማለት ይሻላል። ከመምሸቱ በፊት መብራት አብሪ፤ ጨለማና ጥላ ያስደነግጣቸዋል። ማታ ሻይና ቡና አትስጪያቸው። ነገሩ በድንገት ከባሰ ወይም ሽንታቸው ከሸተተ የሽንት ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ለማዳም ዛሬውኑ ንገሪያት፤ ሐኪም ያየዋል። ወርቅ ጠፋ ሲባል ስምሽ እንዳይነሣም፣ ማዳም ራሷ ወርቁን ቆልፋ ቁልፉን እንድትይዝ ጠይቂያት። እንዴት እንደሆነ ጻፊልኝ።