መልስ፦ የወባን ዑደት በኮሚክ ለ60 ተማሪ ስለማስተማር

«ፕሮጀክተር በሌለበት፣ 60 ተማሪ ባለበት ክፍል የወባ ተውሳክን ዑደት በኮሚክ ማስተማር ይቻላል ወይ?» ላሉት መምህር፦

በደንብ ይቻላል። ለአራት ተማሪ አንድ ኤ4 ወረቀት ይበቃል፤ ሦስት ጊዜ በየግማሹ ሲታጠፍ 8 ሣጥን ያወጣል። እስክሪብቶ እርማቱ ካለቀ በኋላ፤ እስከዚያ እርሳስ ብቻ።

የየሣጥኑን ይዘት አስቀድመው ሰሌዳ ላይ ይጻፉ፦ የአኖፌለስ (ወባ የምታስተላልፈው ትንኝ) ንክሻ፣ ጉበት፣ ቀይ የደም ሴል፣ የሴሉ መፈንዳትና ትኩሳቱ፣ ሌላ ትንኝ ደሙን ስትመጥ፣ በትንኟ ሆድ ውስጥ መራባቱ፣ ወደ ምራቅ ዕጢዋ መሄዱ። 8ኛው ባዶ ይቆይ።

አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ጊዜው ነው። ልጆች ንክሻውን ስለው ወዲያው በሽተኛውን ያስተኙታል፤ ጉበቱ ይዘለላል። ስለዚህ በየሣጥኑ ጥግ የሚፈጀውን ጊዜ ያስጽፉ፦ ጉበት ውስጥ አንድ ሳምንት ገደማ፣ ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ የተባሉት የተውሳኩ ዓይነቶች ከሆኑ ቀይ የደም ሴል ውስጥ 48 ሰዓት ያህል፣ ትንኟ ውስጥ 10 ቀን ገደማ ወይም ከዚያ በላይ።

ተውሳኩን ማናገር ያጓጓል፤ ግን «ላጠቃህ መጣሁ» ካለ ተማሪው ተውሳክ አስቦ የሚሠራ ይመስለዋል። ንግግሩን ለታማሚውና ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይስጡ፤ በአንድ ሣጥን ከ12 ቃል አይበልጥ።

በመጨረሻ ቡድኖች ወረቀት ይለዋወጡና 8ኛው ሣጥን ላይ ጥያቄ ይጻፉ። «ቫይቫክስ ከታከመ በኋላ ለምን ይመለሳል?» የሚል ከመጣ፣ ተውሳኩ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ስለሚቆይ ከጉበቱ ሣጥን ወደ ደሙ ሁለተኛ ቀስት ያስጨምሩ። ነጥብ የሚሰጠው ለቀስቱና ለጊዜው ነው፤ ለሥዕሉ ውበት ከሰጡ መሳል የማይችለው ልጅ ገና ሳይጀምር ይተወዋል።