ገንዘባችሁ ከሰኔ በፊት ይድረስ

ቨርጂኒያ ከገባሁ 27 ዓመት ሆኖኛል። ከዚህ ውስጥ 19ኙን ዓመት የደቡብ ጎንደር ጋይንት ተወላጆች ባቋቋምናት ትንሽ የልማት ማኅበር ውስጥ አገልግያለሁ፤ ገንዘብ ያዥም፣ ጸሐፊም ሆኜ። ልከን የት እንደገባ ያላወቅነው ገንዘብ አለ፤ የሰው ቤት ቀጥ አድርጎ ያቆመም አለ። አሁን አሁን ከጀርመን፣ ከእስራኤል፣ ከዱባይ እየደወሉ «ጋሼ፣ ለአገር ቤት ሰው አንድ ነገር ማድረግ እንፈልጋለን፤ ከየት እንጀምር?» የሚሉኝ ወጣቶች በዝተዋል። በስልክ ቆራርጬ የምነግራቸውን ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልጻፍላችሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ የገበሬ ቤት እንዴት እንደሚደኸይ እወቁ። ከተማ ያደገ ሰው ድህነት ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ይመስለዋል። ገጠር ግን ችግር የሚገባበት ወር አለው። ሰኔ ሲገባ የጎተራው ወለል ይታያል፤ አዲሱ እህል ደግሞ እስከ ጥቅምትና ኅዳር አይደርስም። ለዘር፣ ለማዳበሪያ ገንዘብ የሚፈለገውም፣ ልጆችን ተቅማጥና ሳል የሚጥላቸውም በዚሁ ክረምት ነው። በዚህ መሃል አንድ ልጅ ክፉኛ ከታመመ አባትየው በሬውን ገበያ ያወጣል። ጎረቤቱም እንደሱ ተቸግሮ በሬውን ያወጣልና ዋጋው ይወድቃል።

አንድ በሬ የቀረው ሰው ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር መቀናጆ ገብቶ ተራ በተራ ያርሳል። ሁለቱንም ያጣው ግን መሬቱን ለእኩል ይሰጣል፤ የአዝመራው ግማሽ የሌላ ሰው ይሆናል። የባሰበት ደግሞ በወለድ አገድ ያስይዛል፤ ብድሩን እስኪመልስ አበዳሪው መሬቱን እያረሰ ይበላል። በሚቀጥለው ዓመት ችግሩ ሰኔን አይጠብቅም፣ በሚያዝያ ይመጣል። እንግዲህ የእርዳታ ገንዘብ ሰውን ከድህነት ያወጣል ስል፣ መጀመሪያ በሬው እንዳይሸጥ ያደርጋል ማለቴ ነው።

ይህን ያስተማሩኝ አንዲት እናት ናቸው። ባላቸው ሞተው አራት ልጅ ይዘው የቀሩ። በ2008 ዓ.ም. የኤልኒኖው ድርቅ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ጠባቂ ሲያደርግ የእሳቸውም ቤት የነበረውን ሁሉ ሸጦ ጨረሰ። በዓመቱ ማኅበራችን 12 ቤቶች መረጠ፤ አንዱ የእሳቸው ነበር። ለእያንዳንዱ ቤት ሁለት ወላድ በግ ሰጠን። ሰዎቹ ተርበው በጎቹን እንዳይሸጡም ከሰኔ እስከ መስከረም ለቀለብ የሚሆን ትንሽ ብር በየወሩ ጨመርን። አንዲት የአካባቢው ልጅ በየሁለት ሳምንቱ ቤት ለቤት እየዞረች የበጎቹን ጤናና የቁጠባ ደብተሩን ታይ ነበር።

ጥር 2011 ልጠይቃቸው ሄድኩ። ቡና አፈሉልኝ። በረካው ላይ ስንደርስ የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱና አራት እጥፍ የታጠፈ ብር አሳዩኝ። «ይሄ ልጄ፣ የሰኔ ነው» አሉኝ። በጥር ወር የሰኔን ብር ቋጥሮ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ እኔ ያደግኩበት ቤት ያውቀዋል፤ እናቴ አንድም ዓመት እንዲህ ማለት ሳትችል ነው ያሳደገችን። ጠቦቶቹን ሸጠው፣ ከቁጠባቸው ጨምረው አንድ ወይፈን ገዝተዋል። ትልቁ ልጃቸው ከጎረቤት ጋር መቀናጆ ገብቶ መሬታቸውን ራሱ ማረስ ጀምሯል። ለእኩል የሚሰጡት ግማሽ አዝመራ እቤታቸው ቀረ ማለት ነው። ያቺ ግማሽ ከበጎቹ ሁሉ ትበልጣለች።

12 ቤት ምን ማስረጃ ይሆናል የሚል ካለ ልክ ነው፤ ስለዚህ ከእኛ የሚበልጠውን ልንገራችሁ። ባንግላዴሽ ውስጥ ብራክ የሚባለው ድርጅት የጀመረው አሠራር አለ። ለድሃ ድሃው ቤት የገቢ ምንጭ የሚሆን ከብት ወይም ዕቃ፣ ለጊዜው የሚበላው፣ ሥልጠና፣ ቁጠባና ቤቱ እየመጣ የሚያማክረው ሰው አንድ ላይ ይሰጠዋል፤ ለሁለት ዓመት ያህል። ኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኙት አቢጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎ ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህንኑ በስድስት አገሮች ፈትሸው እ.ኤ.አ. በ2015 ሳይንስ በተባለው መጽሔት አሳተሙት። ከ10 ሺህ በላይ ተሳታፊዎች ነበሩበት፤ የኢትዮጵያው ክፍል የተካሄደው ትግራይ ውስጥ ነው። ድጋፉ ካበቃ ከዓመት በኋላ ሲለካ ድጋፉን ያገኙት ካላገኙት ይልቅ የተሻለ ይበሉ፣ የተሻለ ይቆጥቡ ነበር። ሆንዱራስ ላይ ግን የተሰጡት ዶሮዎች በበሽታ አለቁና ወጪው ሳይመለስ ቀረ። ከብትም ይሁን ዶሮ ከመግዛታችሁ በፊት የወረዳውን የእንስሳት ሐኪም አማክሩ ብዬ የምጨቀጭቀው ለዚህ ነው።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የመንግሥት ድጋፍ፣ ሴፍቲኔትም መሠረቱ ያው ነው፤ በክፉው ወራት ቀለብ አግኝቶ ጥሪቱን እንዳይበትን። ጉልበት ያለው እርከን እየሠራ፣ መንገድ እየጠገነ ይከፈለዋል፤ አቅመ ደካማው ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። እናንተ ስትገቡ ማን ሴፍቲኔት ውስጥ እንዳለ፣ ማን «ተመርቀሃል»፣ ማለትም ራስህን ችለሃል፣ ተብሎ እንደወጣና ከወጣ በኋላ እንዴት እንደሆነ ጠይቁ። ከእኛ 12 ቤቶች አምስቱ ከዝርዝሩ ከወጡ በኋላ ወደነበሩበት የተመለሱ ነበሩ። በሬ ሳይኖረው የተመረቀ ሰው ብዙ ርቆ አይሄድም።

ትንሽ ገንዘብ ምን ይሠራል አትበሉ። ግንቦት 8 ቀን 1973 ዓ.ም. ካርልሄንዝ በም የተባለው ተዋናይ በአንድ የጀርመን ቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ውርርድ ገባ፤ ከተመልካቹ ሢሶው እንኳ በረሃብ ለተጎዱ አፍሪካውያን አንድ ማርክ አይሰጥም አለ። ሢሶው አልሰጠም፣ ውርርዱን እሱ አሸነፈ። ነገር ግን 1.2 ሚሊዮን ማርክ ተሰበሰበ፤ በዚያ ገንዘብ ሐረርጌ ባቢሌ መጠለያ ወርዶ እዚያ የነበሩትን ተፈናቃዮች ኤረር ሸለቆ አሰፈረ። ሰዎች ለሰዎች የሚባለው ድርጅት የተወለደው እንዲህ ነው። እኔ ከእነሱ የምወደው ውኃውን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ጤና ጣቢያውን፣ ችግኙን አንድ ቦታ ላይ አያይዘው ለዓመታት መቆየታቸውንና ከዚያ ለሕዝቡ አስረክበው መውጣታቸውን ነው። የእኛ ማኅበር 40 አባል አላት። በቀን 1 ዶላር ብለን ስንነሳ በዓመት ከ14 ሺህ ዶላር በላይ ይሆናል። ለአንድ ቀበሌ ብዙ ነው፤ ለአምስት ወረዳ ስትበትኑት ግን ምንም አይሆንም። አንድ ቦታ ምረጡና ሦስት ዓመት ቆዩበት።

ያጠፋነውንም ልናገር። በሦስተኛው ዓመታችን አንድ ኮንቴይነር ሙሉ የሕክምና ዕቃ ላክን። ስንጭን አልቅሰን ነበር፤ ደስ ብሎን። ዕቃው ጉምሩክ ላይ ወራት ተቀምጦ የመጋዘን ኪራዩ ብቻ ሁለት ዓመት የሰበሰብነውን በላ። ጤና ጣቢያው ሲደርስ ደግሞ ትልልቆቹ ማሽኖች የአሜሪካ ናቸውና በ110 ቮልት የሚሠሩ ሆኑ፤ አገራችን 220 ነው። አንዱ ሲሰካ ተቃጠለ። የቀሩትን በሸራ ሸፍነዋቸው አየሁ፤ ነርሷ «አቧራ እንዳይገባው ብለን ነው» አለችኝ፤ እኔን ላለማሳፈር ነበር። ያን ገንዘብ በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ላይ ብናውለው ኖሮ ስንት ቤተሰብ ለስንት ዓመት ይታከም እንደነበር አስቡት። መዋጮው በዓመት አንድ ጊዜ የሚከፈል ነው፤ ቤተሰቡ በሙሉ ይታከምበታል። መንግሥት መክፈል ለማይችሉት ይሸፍናል፤ ሆኖም ከዝርዝሩ የሚቀር ድሃ ብዙ ነው። ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ደውላችሁ የምዝገባው ጊዜ መቼ እንደሆነ ጠይቁና የእነሱን ክፈሉላቸው። የልጅ ሕመም በሬ ማሸጡ የሚቆመው እዚያ ጋ ነው።

ውኃ ጉድጓድ ለማስቆፈር የምታስቡም አላችሁ። አስቆፍሩ። ግን የፓምፑ ጎማ ሲያልቅ ማን ይቀይራል? የውኃ ኮሚቴው በየወሩ ስንት ይሰበስባል? መለዋወጫው የሚሸጠው የት ከተማ ነው? ለእነዚህ መልስ ሳይኖር ሪባን አትቁረጡ።

ተረጂ አመራረጥ ላይ ትልቁን ሥራ ለእድሩ ተዉለት። እኛ በመጀመሪያው ዓመት በስልክ ዘመድ ለዘመድ መርጠን መንደሩን አጣላን። አሁን ዝርዝሩ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በሰው ፊት ይነበባል፤ «እገሌ ሁለት በሬ አለው፣ ይውጣ» የሚል ይነሳል፤ «እገሊትን ረስታችኋታል» የሚል ይነሳል። የእድሩ ዳኛ ከእኔ በተሻለ ማን ጾሙን እንደሚያድር ያውቃል። ብሩ ሲደርስም በዚያው አደባባይ ስንት እንደመጣና ለማን እንደተሰጠ ይነገራል።

ወደ ወረቀቱ ልምጣ፤ አሰልቺ ነው፣ ግን ስንት ማኅበር የፈረሰበት ነው። አገር ቤት በድርጅት በኩል የምትሠሩ ከሆነ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የተመዘገበ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት አስተዳደራዊ ወጪው ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ የኦዲት ሪፖርት ጠይቁ፣ ጥያቄው ክብረ ነክ አይደለም። አሜሪካ ያላችሁ፣ ለዘመድ በቀጥታ የላካችሁት ወይም ውጭ አገር ላለ ድርጅት የሰጣችሁት ከግብር አይቀነስም፤ እዚህ 501ሲ3፣ ማለትም ከግብር ነፃ የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ ሆኖ በተመዘገበ ማኅበር በኩል ሲያልፍ ግን ይቀነሳል፤ ብዙ መሥሪያ ቤቶችም ሠራተኛቸው የሰጠውን ያህል ይጨምራሉ። እንግሊዝ ያላችሁ ጊፍት ኤይድ የሚባለውን ቅጽ ሙሉ፤ በእያንዳንዱ ፓውንድ ላይ በጎ አድራጎት ድርጅቱ ከመንግሥት 25 ፔንስ ይጨመርለታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ በባንክ የሚገኘው ብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ የበጉም ዋጋ አብሮ ወጥቷልና የአምናውን በጀት ገልብጣችሁ አትላኩ።

የጸጥታውን ነገር ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም። በ2013 ነሐሴ የሰሜኑ ጦርነት የጋይንቷ ከተማ ነፋስ መውጫ ሲደርስ ከእኛ ቤቶች የበዙት ከብታቸውን አጡ። በ2015 ነሐሴ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ኢንተርኔቱ ተቋርጦ፣ መንገድ ተዘግቶ የክረምቱን ቀለብ ማድረስ አቃተን። የትኛውም እርዳታ ጦርነትን አይችልም፤ ይህን እያወቃችሁ ግቡ። ከዚያ ወዲህ ከምንሰበስበው አምስት እጅ አንዱን አንነካም፤ ለክፉ ቀን ነው። የክረምቱን ብርም ግንቦት ሳያልቅ እድሩ እጅ እናስገባዋለን። በ2015ቱ ክረምት የተረፉት ቤቶች የተረፉት በራሳቸው የቁጠባ ሣጥን ነበር፤ እኛ አልደረስንላቸውም።

ሕፃናትን በሚመለከት አንድ አደራ አለኝ። ብዙዎቻችሁ ልባችሁ የሚሄደው ወደ ማሳደጊያ ነው። እናቱ ወይም አያቱ በሕይወት ያለችለት ልጅ በድህነት ብቻ ማሳደጊያ እንዳይገባ ቤቱን ደግፉ፤ ማሳደጊያ የመሠረቱት ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና እንኳ ግሸን ማርያም ደርሰው ሲመለሱ በረሃቡ ወላጅ ያጡ ልጆችን ይዘው ቢጀምሩም፣ ኋላ ሥራቸው እናቶች ራሳቸው ገቢ እንዲያገኙ ወደ ማድረግ ሰፍቷል። ፎቶም አታንሡ ያለፈቃድ። እንጀራ የጎደለባት እናት እንጀራ ስትቀበል ፌስቡክ ላይ አትለጠፍም። ልጇ ነገ ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ ጓደኞቹ ያዩታል።

ሪያድና ቤሩት ላላችሁ እህቶቼ የምለው ይለያል። እናንተ ከደመወዛችሁ ስንት እንደሚቀራችሁ አውቃለሁ። ማኅበር ሳትገቡም ከማናችንም በላይ ሰጥታችኋል። ለራሳችሁ የመመለሻ ገንዘብ ሳትቆጥቡ ለማንም መዋጮ አትግቡ፤ ቤተሰብ ቢቆጣም።

እኒያ እናት አሁን የእድሩ ኮሚቴ አባል ናቸው። በጦርነቱ ወይፈናቸውን አጥተው፣ በሣጥኑ ብር እንደገና በበግ ጀምረው ዛሬ ሌላ በሬ አላቸው። ባለፈው ሳምንት ልጃቸው ስልክ አገናኘኝ። ጤናዬን ጠየቁ፣ የባለቤቴን ጉልበት ጠየቁ፣ ከዚያ ወደ ጉዳያቸው ገቡ።

«ልጄ፣ ዘንድሮ የመረጥናቸው ዘጠኝ ቤት ናቸው። ሰባቱ በሬ የላቸውም። ብሩ ለግንቦት ልደታ ይደርስልናል?»