ዳኛው መጀመሪያ የሚያየው ቀዳዳውን ነው

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ቸርችል ጎዳና ላይ ለቱሪስት የማስታወሻ ዕቃ ትቀርጻለህ። ውጭ አገር በእጅ የተሠሩ የትምባሆ ማጨሻ ፒፓዎች የሚወዳደሩበት ውድድር እንዳለ ሰምተሃል። «ከወይራ የአንበሳ ራስ ያለበት ፒፓ ሠርቼ ብልክ ያሸንፋል ወይ?» ነው ያልከው። እኔ ከጥቂት ዓመታት በፊት ልክ ይህንኑ አድርጌ ተሸንፌአለሁ። አንበሳው ሳይቀር አንድ ነው። እንግዲህ የተሸናፊ ምክር ነው የምሰጥህ።

ያኔ የምሠራው ፒያሳ፣ ግቢ ውስጥ በተከራየኋት ጠባብ ክፍል ነበር። ሰፈሩ አሁን ፈርሷል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጎፈሩን ስቀርጽ ከረምኩ። ቀዳዳውን የበሳሁት ግን በመጨረሻው ቀን ነው፤ በግማሽ ሰዓት፣ በእጄ በያዝኩት ትራፓኖ (መብሻ ማሽን)። ለሚጓዝ ዘመዴ ሰጥቼ ላክሁት። ከዳኞቹ በመጣልኝ ወረቀት ላይ ስለ አንበሳው የተጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ ጥሩ እጅ አለህ የሚል። የቀረው ገጽ በሙሉ ስለ ቀዳዳው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፒፓ ውስጥ ሁለት ቀዳዳ አለ። አንዱ ትምባሆው የሚሞላበት ጎድጓዳ ነው፤ ስፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 20 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ሌላው ጭሱ የሚሳብበት ቀጭን መስመር ነው፤ ከ3.5 እስከ 4 ሚሊ ሜትር። ሁለቱ መገናኘት ያለባቸው ጎድጓዳው ወለል ላይ፣ መሐል ለመሐል ነው። ቀጭኑ መስመር ከፍ ብሎ ከገባ ከሥሩ ያለው ትምባሆ በደንብ ሳይነድ እርጥብ ሆኖ ይቀራል። ዝቅ ካለ ደግሞ ወለሉ ይሳሳል። የእኔው ከፍ ብሎ፣ በዚያ ላይ ወደ ግራ ሸሽቶ ነበር። ዳኛ ይህን ለማወቅ ብዙ አይደክምም። ጥጥ የለበሰችውን የፒፓ ማጽጃ ሽቦ ከፒፓው አፍ (በጥርስ ከሚያዘው ጫፍ) በኩል ይሰዳል። ሳትደናቀፍ ወለሉ ላይ ብቅ ካለች ጥሩ ነው። የእኔዋ መንገድ ላይ፣ አፉና እንጨቱ የሚጋጠሙበት ቦታ ደርሳ ቆመች።

እዚህ መገጣጠሚያ ላይ ትንሽ ልቆይ። የአፉ ምላስ (እንጨቱ ውስጥ የሚሰካው ቀጭን ጫፉ) ከሚገባበት ቀዳዳ ካጠረ መሐል ላይ ባዶ ቦታ ይፈጠራል። ጭሱ እዚያ ሲደርስ ይቀዘቅዛል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ከዚያ ፒፓው ሲሳብ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። አያቴ ገጠር ሳሉ ጋያ ያጨሱ ነበር። ቅሉ ውስጥ ያለው ውኃ እንዲሁ ቡልቅ ቡልቅ ሲል ልጆች ሆነን እንስቅ ነበር። ለጋያ ያ ድምፅ ወጉ ነው። ለፒፓ ግን ነጥብ ማስቀነሻ ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጠው። መጀመሪያ ብሳ፣ ከዚያ ቅረጽ። እንጨቱ ገና አራት ማዕዘን እያለ በሁለት ጎኑ መስመር አስምርበት፣ ሞርሳ ላይ እሰረው፣ በቋሚ ትራፓኖ ብሳው። በእጅ አትሞክር፤ እኔ ሞክሬ አይተኸዋል። የጎድጓዳው ወለል ክብ መሆን አለበት፤ ተራ ፑንታ (የትራፓኖው መብሻ ጫፍ) ግን ሹል ጉድጓድ ነው የሚተወው። መርካቶ ሄደህ ሰፊና ጠፍጣፋ የእንጨት ፑንታ ግዛ፣ ጫፉን በግራይንደር እንደ ማንኪያ ጫፍ አድርገህ ሞርደው። ውጭ ያሉት ሠሪዎችም ብዙዎቹ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። የመጀመሪያዎቹን አሥር ቀዳዳዎች በቁርጥራጭ ባሕር ዛፍ ላይ ተለማመድ። ቁርጥራጩን መሐል ለመሐል ሰንጥቀህ ውስጡን እይ። እኔን ያስተማረኝ ይህ ነው።

ወይራን በተመለከተ፦ ይሆናል። ጠንካራ ነው፣ ሜዲትራኒያን አካባቢም ከወይራ ፒፓ ይሠራሉ። በደንብ ያልደረቀ ከሆነ ግን ይሰነጠቃል፤ ከማገዶ ሻጭ ያመጣኸውን ትኩስ ግንድ እርሳው። ዋንዛና ቀረሮ ለጠረጴዛ ናቸው፤ ለእሳት ለስላሳ ናቸው። የጎድጓዳው ግድግዳ ከ6 ሚሊ ሜትር እንዳይሳሳ። ስትሞርድ ደግሞ አፍና አፍንጫህን ሸፍን፤ የእንጨት ብናኝ ካንሰር ያመጣል።

ዳኞቹ የለመዱት እንጨት ግን ብራየር ይባላል። ይህን ስነግራቸው ብዙ ሰዎች አያምኑኝም፤ ብራየር ማለት የእኛው አስታ ነው። ያው በሰሜንና በባሌ ተራሮች ላይ የምናውቀው። ፒፓ የሚሆነው ግንዱ ሳይሆን መሬት ሥር፣ በሥሩና በግንዱ መካከል የሚያብጠው እብጠት ነው። እሳት ይችላል፣ እርጥበት ይመጥጣል፣ ጣዕም አይለውጥም። ጣሊያኖችና ግሪኮች ቆፍረው ያወጡታል፣ ለብዙ ሰዓት ይቀቅሉታል፣ ለወራት ያደርቁታል። ፈረንሳይ ውስጥ ሳን ክሎድ የምትባል ከተማ ከ1850ዎቹ (በፈረንጆቹ) ጀምሮ የታወቀችው በዚሁ ነው። «እንግዲያው እኛም እንቆፍር» እንዳትል። አስታ ቢቆረጥ፣ ቢቃጠል እንኳ መልሶ የሚያቆጠቁጠው ከዚያች እብጠት ነው። እሷን ካወጣህ ዛፉ አለቀ። በዚያ ላይ ቦታው ብሔራዊ ፓርክ ነው። የተዘጋጀውን ጉማጅ ከጣሊያን በሰው አስመጣ። እኔ ለሁለተኛው ሙከራዬ እንደዚያ አደረግኩ።

አፉን ውጭ የሚሠሩት ከኢቦናይት ወይም አክሪሊክ ከሚባል ፕላስቲክ ነው። ኢቦናይት ማለት ከድኝ ጋር ተቀቅሎ የደነደነ ጎማ ነው። እኔ ስላጣሁ ከበሬ ቀንድ ሠራሁት፤ ዋንጫና ማበጠሪያ ከሚሠራ ጎረቤቴ ቁራጭ ወስጄ። ቀንድ ጥርስ ሲበዛበት ይላላጣል፣ ግን ያምራል። ጥርስ የሚያርፍበትን ቦታ ወደ 4 ሚሊ ሜትር አሳሳው። እኛ እንዳይሰበር እንፈራና እንደ ማንኪያ እጀታ እናወፍረዋለን።

ቫርኒሽ አትቀባ። ቫርኒሹ በሙቀት አረፋ ያወጣል፣ ይላላጣል። እስከ ቀጭኑ ብርጭቆ ወረቀት ድረስ ፈትገህ በሰም ወልውለው፣ በቃ።

ደንቡን ሳታነብ እንዳትጀምር። አንዳንዶቹ ውድድሮች ለሁሉም አንድ ቅርጽ ነው የሚያዝዙት፣ ለምሳሌ ቢሊያርድ ወይም ደብሊን የሚባለውን። ከተላከው ሁሉ ሰባቱ ተመርጠው ለሳምንቱ ሰባት ቀን አንድ አንድ ሆነው በአንድ ሳጥን ይቀመጣሉ። እዚያ አንበሳ ብትልክ ከቁጥርም አትገባም። ፒፓው ይመለስልህ እንደሆነ፣ ተጨሶበት ያውቅ እንደሆነም ይጠይቃሉ። እኔ የመጀመሪያውን «ይሞከር» ብዬ ለአንድ ፒፓ ወዳጅ ሽማግሌ ሰጥቼ ነበር። ጠርዙን አጥቁረው መለሱልኝ። ስለዚህ ሁለት ፒፓ ሥራ፤ አንዱ ለሙከራ፣ አንዱ ለውድድር።

ሌሎች «እዚሁ ፒያሳ ሆቴል ውስጥ የራሳችንን ውድድር እናዘጋጅ፣ የትምባሆ ድርጅት ስፖንሰር ያድርገን» ብለው ከጥያቄህ ሥር ጽፈው አየሁ። አይሆንም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የትምባሆ ማስታወቂያንና ስፖንሰርነትን ከልክሏል፣ ቤት ውስጥ ማጨስንም እንዲሁ። እኔ ራሴ አላጨስም፤ እንድትጀምርም አልመክርህም። ፒፓ መሥራት እንጨትና ቀዳዳ ነው፤ የሚወደድ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ፒፓዬ ተራ ደብሊን ነበር፤ ቅርጻ ቅርጽ የለውም። አላሸነፈም፣ ግን መሐል ላይ ገባ። ማጽጃዋም ሳትቆም አለፈች። አንበሳህን ለቸርችል ደንበኞችህ አቆየውና መጀመሪያ የሰነጠቅካቸውን ቁርጥራጮች ፎቶ አንስተህ እዚህ ለጥፍልኝ፤ መስመሩ የት ጋ እንደሸሸ አይቼ እነግርሃለሁ።