ባሕር ዳር ከመሄድዎ በፊት፦ ስለ አማራ ክልል ምክትል ርዕሰ መስተዳድር ጽሕፈት ቤት ለጠየቃችሁን

ጥያቄ (ከሰሜን ወሎ)፦ እንደምን ከረማችሁ። የእርሻ መሬቴ ለመንገድ ሥራ ተወስዶ የተገመተልኝ ካሳ አነሰኝ። ወረዳ ስጠይቅ «ግምቱ ጸድቋል» ከማለት ሌላ መልስ የለም። ጎረቤቶቼ «ባሕር ዳር ሄደህ ለምክትል ርዕሰ መስተዳድሩ አመልክት» ይሉኛል። ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ከመሳፈርዎ በፊት መሬቱን እንዲለቁ የታዘዙበት ደብዳቤ የደረሰዎትን ቀን ይመልከቱ። በመሬት ማስለቀቅና ካሳ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ትእዛዙ በደረሰዎት በ30 ቀን ውስጥ ለቅሬታ ሰሚው አካል ማመልከት አለብዎ። የእሱ ውሳኔ ካላረካዎት ውሳኔው በደረሰዎት በ30 ቀን ለይግባኝ ሰሚ ጉባኤው፣ ከዚያም በይግባኝ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳሉ። ባሕር ዳር የሚያስገቡት ማመልከቻ ይህን የቀን ቆጠራ አያቆመውም። ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፦ ማመልከቻው ከጽሕፈት ቤቱ ወደ ቢሮ ይመራል፣ ከቢሮ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ ይወርዳል፤ በመጨረሻ መጀመሪያ እምቢ ያለዎት ባለሙያ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። በዚህ መሀል 30ው ቀን ያልፋል።

ስለዚህ የግምቱን ማነስ በሕጉ መንገድ ይከራከሩ። ምክትል ርዕሰ መስተዳድሩ ገማች አይደሉም፤ የገማቾችን ሥራ ሰርዘው ሌላ ቁጥር ሊጽፉልዎ አይችሉም። በ1994 በተሻሻለው የክልሉ ሕገ መንግሥት ተጠሪነታቸው ለርዕሰ መስተዳድሩ ነው፤ ርዕሰ መስተዳድሩ የሰጧቸውን ሥራ ያከናውናሉ፣ እሳቸው በሌሉ ጊዜም ተክተው ይሠራሉ። በተግባር ደግሞ ቢሮዎችን የማስተባበርና የቆመ ሥራ የማንቀሳቀስ ጉልበት አላቸው። የጽሕፈት ቤቱ ደጅ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው። ካሳው ተወስኖ ሳይከፈል ከቆየ፣ ቅሬታ ሰሚው ሳይሰበሰብ ጊዜው ከነጎደ፣ ወይም አንዱ ቢሮ «የእኔ አይደለም፣ የዚያኛው ነው» እያለ ካንከራተተዎት ማመልከቻዎ ቦታውን አግኝቷል ማለት ነው።

ሲጽፉ ከአንድ ገጽ አይለፉ። ቀኑን ይጻፉ፤ «ጉዳዩ፦» በሚለው ፊት አንድ መስመር ብቻ ያስፍሩ። «ፍትሕ ይሰጠኝ ስለመጠየቅ» ከሚል ይልቅ «የተወሰነልኝ ካሳ ባለመከፈሉ ክፍያው እንዲፈጸም ስለመጠየቅ» ቢሉ፣ ደብዳቤውን የሚመራው ሰው ለየትኛው ቢሮ እንደሚልከው ወዲያው ያውቃል። ከዚያ የይዞታውን ስፋት፣ የትእዛዙን ቁጥርና ቀን፣ የተወሰነውን ገንዘብ፣ ለማን በየትኛው ቀን እንዳመለከቱና ምን እንደተመለሰልዎ በቅደም ተከተል ያስቀምጡ። መዝጊያው የሚጠይቁት ነገር ይሁን፣ አንድ ነገር ብቻ። ካሳውንም፣ ምትክ መሬቱንም፣ የባለሙያውን ጥፋትም በአንድ ወረቀት ካጨቁት የሚመራው ሰው ቀላሉን መርጦ ሌላውን ይተወዋል።

የይዞታ ደብተርዎን ዋናውን ለማንም አይስጡ፤ ኮፒውን አባሪ ያድርጉ። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ይዘው መዝገብ ቤት ይግቡ። አንዱ እዚያ ይቀራል፤ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርገው ይዘውት ይመለሱ። ያለ ገቢ ቁጥር የገባ ወረቀት ከጠፋ ማስረጃ የለዎትም፤ ለጸሐፊ በእጅ ሰጥቶ መውጣት ትልቅ ስህተት ነው። ግልባጭ ለአሥር መሥሪያ ቤት መበተንም አይጠቅምም፤ ሁሉም ሌላው ይዞታል ብሎ ይተወዋል። ግልባጭ የሚገባው ጉዳዩን አሁን በእጁ ለያዘው ክፍል ብቻ ነው። ራስዎ መሄድ ካልቻሉ፣ ልጅዎም ቢሆን ውክልና ይዞ ይሂድ። ቀጣዩ ምልልስ ደግሞ በስልክ ይሁን፤ የገቢ ቁጥሩን ነግረው ወደ ማን እንደተመራ፣ በስንት ወጪ ቁጥር እንደወጣ ይጠይቁ።

ጥያቄ (ከከሚሴ)፦ እኛም በዚሁ መንገድ እንሄዳለን? በየትኛው ቋንቋ እንጻፍ?

መልስ፦ የእናንተ ይለያል። ደቡብ ወሎና ሰሜን ወሎ የክልሉ መንግሥት የአስተዳደር እርከኖች ናቸው፤ የተመረጠ የዞን ምክር ቤት የላቸውም። የእናንተው የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደርና የሰቆጣው ዋግ ኽምራ ግን የየራሳቸው ምክር ቤትና በእሱ የሚሰየም አስተዳዳሪ አላቸው። ስለዚህ ባሕር ዳር ከመድረሳችሁ በፊት ዞኑ ራሱ ሊወስነው የሚችለውን ጉዳይ እዚያው ጨርሱ፤ የምክር ቤት ተወካያችሁንም አነጋግሩ። በዞኑ የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ነው፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ደግሞ አማርኛ ነው። ወደ ክልል የምትልኩትን ማመልከቻ በአማርኛ ጻፉ፤ የዞኑ ውሳኔ በአፋን ኦሮሞ ከሆነ ትርጉሙን ከዋናው ኮፒ ጋር አያይዙ። ሳይተረጎም የሄደ አባሪ ባለሙያው እስኪተረጎም ድረስ ፋይሉን እንዲያቆየው ምክንያት ይሆነዋል።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የፈረደብኝን ምክትል ርዕሰ መስተዳድሩ ሊያስቆሙልኝ ይችላሉ?

መልስ፦ አይችሉም። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 79 ዳኝነትን ከማንኛውም የመንግሥት አካል ተጽእኖ ነጻ አድርጎታል። መንገዱ ይግባኝ ነው፤ በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ፍርዱ ከተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ። ከዚህ ውጭ «በላይ ሰው አለኝ» የሚልዎትን አይስሙት፣ ገንዘብም አይስጡት።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ «በምክትል ርዕሰ መስተዳድር ማዕረግ» የሚባሉት ብዙ ናቸው። ለማን እንጻፍ? ሰውየው ቢነሡስ ማመልከቻችን ይወድቃል?

መልስ፦ ማዕረጉ ያላቸው ባለሥልጣናት አንድ ዘርፍ የሚያስተባብሩ ናቸው፤ ብዙ ጊዜም ቢሮ ይመራሉ። ጉዳያችሁ የከተማ መሬት ወይም የመንገድ ከሆነ ዘርፉን ለሚያስተባብሩት መጻፍ ይቀርባል። ዘርፎችን የሚያቋርጥ ከሆነ ለምክትል ርዕሰ መስተዳድሩ ጽሕፈት ቤት ጻፉ።

በአድራሻው ላይ የሰው ስም አትጻፉ፤ የጽሕፈት ቤቱን ስም ጻፉ። ከየካቲት 2011 እስከ ነሐሴ 2015 ባለው ጊዜ ብቻ ርዕሰ መስተዳድርነቱ ከገዱ አንዳርጋቸው ወደ አምባቸው መኮንን፣ ተመስገን ጥሩነህ፣ አገኘሁ ተሻገር፣ ይልቃል ከፋለና አረጋ ከበደ ተላልፏል። ሰኔ 15 ቀን 2011 ዶክተር አምባቸው ሲገደሉም ሐምሌ ላይ አዲስ እስኪሾም የተኩት ምክትላቸው አቶ ላቀ አያሌው ነበሩ። በስም የተላከ ደብዳቤ እንዲህ ባለ ጊዜ «የግል» ተብሎ ሳይከፈት ሊቀር ይችላል። ለጽሕፈት ቤቱ የተጻፈና ገቢ ቁጥር ያለው ግን ከፋይሉ ጋር ለተተኪው ይተላለፋል። አዲስ ሰው ሲሾም አዲስ ማመልከቻ አትጻፉ፤ የቀድሞውን ቁጥርና ቀን ጠቅሳችሁ የግማሽ ገጽ ማስታወሻ አስገቡ። አዲስ ከጻፋችሁ ወረፋውም እንደ አዲስ ይቆጠራል።

ምንም መልስ ካጣችሁ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። አቤቱታ በቃልም በጽሑፍም ይቀበላል፣ ክፍያ አይጠይቅም፤ በፍርድ ቤት የተያዘን ጉዳይ ግን አያይም። ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ፤ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ለአስተዳደሩ መቼ አመለከትክ?» ነው።