ከለንደን ወደ ጀርመን በርበሬ ስለመላክ ለጠየቅሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ሱቅ ዘግቼ ስመለስ ባቡር ውስጥ አነበብኩት። ለንደን ሆነሽ በርበሬና ሽሮ ጀርመን ላሉ ሀበሾች ለመላክ አስበሻል። የማኅበራችሁ ሰዎች ግን ግማሾቹ እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት መውጣቷ (ብሬግዚት የሚሉት) ለንግድ በጀ ይላሉ፣ ግማሾቹ ገደለን ይላሉ። ማንን ልመን ነው ያልሽው። ከስር የተጻፈልሽን አየሁት። ወይ ፖለቲካ ነው፣ ወይ «እግዚአብሔር ይርዳሽ» ነው። እኔ በዚሁ ጉዳይ 4,700 ፓውንድ ያጣሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

ድርጅት አስመዝግቢ፣ ኢንሹራንስ ግቢ የሚለውን ታውቂዋለሽ። እሱን ልዝለለው።

1. «ቀረጥ የለም» ሲሉሽ «ለየትኛው ዕቃ?» ብለሽ ጠይቂ።

ሥራውን በ2014 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ) ስጀምር ድንበር የሚባል ነገር አላውቅም ነበር። እናቴ አዲስ አበባ የማረቆ ዛላ ትገዛለች። ከሦስት ሴቶች ጋር ሆና ትቀነጥሳለች፣ ታደርቃለች፣ ቅመሙን አመጣጥና ታስፈጫለች። በርበሬው በአውሮፕላን ለንደን ይገባል። እዚህ አንዴ ይመረመራል፣ በቃ። ከዚያ ወዲያ ሽቱትጋርት ልላከው ስቶክሆልም፣ እዚሁ እንግሊዝ ሊድስ እንደመላክ ነበር። እንግሊዝን ጨምሮ 28 አገር አንድ ገበያ ነበር። ፖስታ ቤት እወስደዋለሁ፣ በአምስተኛው ቀን ደንበኛዬ ወጥ ሠርታ ፎቶ ትልክልኛለች።

ጁን 23፣ 2016 በተሰጠው ድምፅ 52 ለ48 «እንውጣ» ሲባል ሆዴን ቆረጠኝ። ከዚያ አራት ዓመት ተኩል እንግሊዝና ኅብረቱ ዛሬ ይስማማሉ ነገ ይስማማሉ ስል ቆየሁ። ዲሴምበር 24፣ 2020፣ በፈረንጆቹ ገና ዋዜማ፣ ተስማሙ ተባለ። ቴሌቪዥኑ ሁሉ «ዜሮ ቀረጥ፣ ዜሮ ኮታ»፣ ማለት ቀረጥም የመጠን ገደብም የለም፣ ይል ነበር። ወጥ ቤት ቆሜ ሽሮ እያሸግኩ ነው የሰማሁት። እልል አልኩ። ለአክስቴ ልጅ ሮተርዳም ደውዬ «ምንም የተቀየረ ነገር የለም፣ እንቀጥላለን» አልኳት።

ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ዜሮው እንግሊዝ ውስጥ ለተመረተ ወይም ደንቡ የሚጠይቀውን ያህል ሥራ እዚሁ ለተሠራበት ዕቃ ነው። ከሌላ አገር መጥቶ ለንደን ከረጢት የቀየረን አይመለከትም። ማሸግ፣ መመዘን፣ ሌብል መለጠፍ የዕቃን አገር አይቀይርም። የሚያንገበግብሽ ደግሞ ያንኑ በርበሬ ከአዲስ አበባ በቀጥታ ሮተርዳም ወይም ፍራንክፈርት ብታስገቢው ቀረጥ የለበትም። አውሮፓ ኅብረት እንደ ኢትዮጵያ ላሉ አገሮች ከጦር መሣሪያ በቀር ሁሉንም ያለቀረጥ ያስገባል። ለንደን ገብቶ ጉምሩክ ካለፈ በኋላ ግን ያ መብት ይቀራል። ሲወጣ እንደ ማንኛውም የውጭ ዕቃ ነው።

2. ጉምሩክ ፎርሙ ላይ የስሪት አገር፣ ማለት ዕቃው የተመረተበት አገር፣ የሚለውን ሳጥን ተጠንቅቀሽ ሙይ። እኔን ያቃጠለኝ እሱ ነው።

ፌብሩዋሪ 2021 ለዐቢይ ጾም ብዬ 420 ኪሎ አዘጋጀሁ። 260 ኪሎ በርበሬ፣ 110 ሽሮ፣ 50 ሚጥሚጣ። ጾሙ ማርች 8 ነበር የሚገባው። በጾም ሽሮ እንዴት እንደሚሄድ ላንቺ አልነግርሽም። አንድ ፓሌት ላይ ደርድሬ፣ በፕላስቲክ ጠቅልዬ፣ ባለመኪናው ሲወስደው ፎቶ አንስቼዋለሁ። ፎቶው አሁንም ስልኬ ላይ አለ።

ዲክላራሲዮን (ለጉምሩክ የሚቀርበውን የዕቃ መግለጫ) የሚሞላልኝ ትራንዚተር፣ ማለት የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ፣ ቀጥሬ ነበር። ስሙን አልጠቅስም። በኢሜይል ፎርም ላኩልኝ። «የዕቃው ስሪት አገር» ይላል። እኔ «ዩናይትድ ኪንግደም» ብዬ ጻፍኩ። ለማታለል አልነበረም። ኢንቮይሱ የኔ ነው፣ አድራሻው ለንደን ነው፣ ያሸግኩት እኔ ነኝ። ቴሌቪዥኑም ከእንግሊዝ ለሚሄድ ቀረጥ የለም ብሎኛል።

ሮተርዳም ላይ ፓሌቱ ተያዘ። ከፈቱት። የአክስቴ ልጅ ጉምሩኮቹ የላኩላትን ፎቶ አስተላለፈችልኝ። በአንድ በኩል ወረቀቱ፣ «ዩናይትድ ኪንግደም»። በሌላ በኩል የኔው ከረጢት፣ የኔው ሌብል። አረንጓዴ ቢጫ ቀይ መስመር ያለበት፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም «የኢትዮጵያ ምርት» የሚል። ያንን ሌብል በኩራት ነው ያሠራሁት። ፊደሉ ደብዝዟል ብዬ ሁለት ጊዜ መልሼ ነው ያሳተምኩት።

በዚህ ላይ ሁለተኛ ችግር መጣ። የኢትዮጵያ ቅመማ ቅመም አውሮፓ ኅብረት ጥብቅ ምርመራ ከሚያደርግባቸው ምግቦች ዝርዝር ውስጥ አለ። ምክንያቱ አፍላቶክሲን ነው፣ ሻጋታ የሚፈጥረው መርዝ። ዕቃው ከመድረሱ በፊት ለድንበር ምርመራ ጣቢያው በሲስተም ማሳወቅ ግዴታ ነው። ለንደን ሲገባ ይህን አድርጌያለሁ፣ የላቦራቶሪ ወረቀቱም ንጹህ ነው። ግን የለንደኑ ምርመራ ድሮ ለ28 አገር ያገለግል ነበር፤ ከጃንዋሪ 1፣ 2021 ወዲህ ለእንግሊዝ ብቻ ሆነ። ዕቃዬን እንግሊዝ ነው ስላልኩ ደግሞ ማንም ያሳወቀልኝ የለም።

ትራንዚተሩ ቢሮ ደወልኩ። አርባ ደቂቃ ሙዚቃ ሰማሁ። ያነሳችው ልጅ «እኛ የምንሞላው አንቺ የሰጠሽንን ነው» አለችኝ። በርበሬ እንግሊዝ አገር ይበቅላል ብላችሁ ታስባላችሁ ወይ? አልኳት። «ሌላ ጥያቄ አለሽ?» ብላ ዝም አለች። ከዚያ ዘጋችው። ለእያንዳንዱ ዲክላራሲዮን ገንዘብ ከፍያቸዋለሁ። የት ነው የበቀለው ብለው አንዲት ጥያቄ ቢጠይቁኝ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። አምስት ዓመት አልፎታል፣ ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

መጋዘኑ ኪራዩን በቀን ይቆጥራል። 23 ቀን ቆየ። ጾሙ ገባ። ሽቱትጋርት ያለች ደንበኛዬ የአባቷን ተዝካር ልታወጣ አዝዛኝ ነበር፣ ስልክ ላይ አለቀሰችብኝ። በመጨረሻ ሁለት ምርጫ ሰጡኝ፣ ወይ ይመለስ ወይ ይወገድ። እንዳልመልሰው የመኪናው፣ የአዲሱ ዲክላራሲዮንና የእንግሊዝ ዳግም ምርመራ ተደምሮ ከዕቃው ዋጋ በለጠ። ይወገድ ብዬ ፈረምኩ። የማቃጠያውንም ሒሳብ እኔው ነኝ የከፈልኩት።

እናቴ ደውላ «ደረሰላቸው ወይ?» ስትለኝ «ደርሷል፣ በጣም ወደውታል» አልኳት። እስከ ዛሬ እውነቱን አልነገርኳትም።

አሁን ወደ ክርክራችሁ ልምጣ። ሁለቱንም ወገን ሰምቼ የደረስኩበትን ነው የምነግርሽ።

በጀን የሚሉት ባዶ እጃቸውን አይደሉም። እንግሊዝ ከወጣች በኋላ የራሷን ስምምነት መዋዋል ችላለች። ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ ጋር የተፈራረመችው ሜይ 31፣ 2023 ሥራ ላይ ዋለ። የፓስፊክ አገሮችን የንግድ ማኅበር በዲሴምበር 2024 ተቀላቀለች። በ2025 አሜሪካ በሁሉም ላይ ቀረጥ ስትጭን እንግሊዝ ላይ 10 በመቶ፣ አውሮፓ ኅብረት ላይ 15 በመቶ ሆነ። አሜሪካ ለሚልክ ነጋዴ ያኔ ይህ ቀላል ልዩነት አልነበረም። የአገሬን ሕግ የአገሬ ፓርላማ ያውጣ የሚልም አለ። እሱን በኪሎ በርበሬ መዝኜ ተሳስተሃል ልለው አልችልም።

ለኛስ? እንግሊዝ ጁን 2023 ለታዳጊ አገሮች የራሷን የቀረጥ ዕድል አወጣች፣ ኢትዮጵያም አለችበት። የስሪት አገር ደንቡንም አቅልላዋለች። ግን ኢትዮጵያ ድሮም በኅብረቱ በኩል ያለቀረጥ ታስገባ ነበር። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ለንደን ለሚያስገባ ሰው ብዙ የተለየ ነገር የለም። ማኅበራችሁ ውስጥ «ከኢትዮጵያ የሚገባው ረከሰ» የሚል ካለ ደረሰኙን አሳየኝ በይው።

ጉዳቱን የሚያወሩት ደግሞ የመንግሥት በጀት የሚገመግመውን ገለልተኛ ቢሮ ይጠቅሳሉ። የአገሪቱ ምርታማነት በረጅም ጊዜ ባትወጣ ኖሮ ከሚሆነው 4 በመቶ ገደማ ያንሳል ብሎ ገምቷል። እኔ ግን ከቁጥሩ በላይ ያስተዋልኩት ማን ላይ እንደወደቀ ነው። ትልቁ ሱፐርማርኬት ለ20 ቶን አንድ ዲክላራሲዮን ይሞላል። እኔም ለ420 ኪሎ አንድ ዲክላራሲዮን እሞላለሁ። ወረቀቱ አንድ ነው፣ ክፍያው ያው ነው። እሱ ኪሎው ላይ ሳንቲም ይጨምራል፣ እኔ ትርፌን እሰጣለሁ። ከኔ ጋር የጀመሩ ሁለት እህቶች አውሮፓ መላኩን እርግፍ አድርገው ትተውታል። ከገበያ ማኅበር መውጣት ጥሩ ነው መጥፎ ነው ስትባባሉ፣ ለማን የሚለውን አስቀድሙት።

ሰውም አለ። የአክስቴ ልጅ የደች ፓስፖርት አላት። ድሮ በበዓል ሰሞን መጥታ ሁለት ወር ሱቅ ታግዘኝ ነበር። ዛሬ ያለ ሥራ ቪዛ ለጉብኝት እንጂ ለሥራ መምጣት አትችልም። እስከ ዲሴምበር 31፣ 2020 እዚህ መኖር ጀምረው እስከ ጁን 30፣ 2021 ያመለከቱት ተርፈዋል። እሷ አልኖረችም።

3. እንግዲህ አሁን የምሠራበትን ልንገርሽ። አንቺም እንደኔ አድርጊ።

ዕቃውን ከአዲስ አበባ ለሁለት ከፈልኩት። የእንግሊዝ ደንበኞቼ ድርሻ ለንደን ይመጣል። የአውሮፓው በቀጥታ ሮተርዳም ይገባል፣ የአክስቴ ልጅ እዚያ ድርጅት አስመዝግባ ትቀበላለች፣ ከዚያ ጀርመንና ስዊድን ያለጉምሩክ ይሄዳል። ሁለት ትንንሽ ጭነት ከአንድ ትልቅ ይወደዳል፣ ግን ይደርሳል። የአውሮፓው ጭነት ቀረጥ እንዳይጠየቅበት፣ ዋጋው ከ6,000 ዩሮ ካልበለጠ ማንኛውም የኢትዮጵያ ላኪ ኢንቮይሱ ላይ የስሪት አገር መግለጫውን በደንቡ ቃል ጽፎ መላክ ይችላል። ከዚያ ከበለጠ ላኪው ሬክስ በሚባለው የላኪዎች መመዝገቢያ ሲስተም መመዝገብ አለበት። የአፍላቶክሲን ምርመራ ሳታስደርጊ እንዳትጭኚ፣ ለድንበር ጣቢያው አስቀድሞ መነገሩን ደግሞ ራስሽ አረጋግጪ። ይነግሩልኛል ብለሽ አትተኚ።

በየቤቱ ጥቅል እልካለሁ ካልሽ፣ ከጁላይ 1፣ 2021 ወዲህ እስከ 22 ዩሮ ከቫት ነፃ የሚባለው ቀርቷል። እስከ 150 ዩሮ ላለ ዕቃ ቫቱን ስትሸጪ ሰብስበሽ የምትከፍይበት አይኦኤስኤስ የሚባል መንገድ አለ። ግን እንግሊዝ ያለ ሻጭ አውሮፓ ውስጥ ወኪል መያዝ አለበት። ያለዚያ ደንበኛሽ በር ላይ ቫቱንና የፖስታ ቤቱን አገልግሎት ክፍያ ትጠየቃለች። ሀኖፈር ያለች አንዲት እናት ለ35 ዩሮ ሽሮ በር ላይ 14 ዩሮ ጨምሪ ተባሉ። ከፈሉ፤ ደግመው ግን አላዘዙኝም፤ አልፈርድባቸውም።

ቅቤና ቋንጣ በፍጹም እንዳትሞክሪ። የወተትና የሥጋ ነገር ከኅብረቱ ውጭ ካለ አገር በጥቅል አይገባም። በጃንዋሪ 2021 የሆላንድ ጉምሩኮች የከባድ መኪና ሾፌሮችን ሳንድዊች ሳይቀር ወደብ ላይ ወስደውባቸዋል። የተቆላ ቡና ጀርመን ከላክሽ ደግሞ በኪሎ 2.19 ዩሮ የቡና ግብር አለ። እሱ ከብሬግዚት በፊትም የነበረ የጀርመን ሕግ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ሳያውቀው ይገባበታል።

ሜይ 2025 ለንደንና ብራስልስ የምግብና የዕፅዋት ምርመራውን ለማቅለል በመርህ ደረጃ ተስማምተዋል። ማኅበራችሁ ውስጥ «በቃ ሊቀር ነው» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ያ ስምምነት የስሪት አገርን ጉዳይ አይነካም። የእናትሽ በርበሬ ያኔም የኢትዮጵያ በርበሬ ነው።

ሽቱትጋርት ያለችው ደንበኛዬ አሁንም ከኔ ነው የምትገዛው። ባለፈው ፋሲካ 15 ኪሎ ወሰደች። ሌብሉም ያው የድሮው ነው፣ «የኢትዮጵያ ምርት»። አሁን ወረቀቱም እሱኑ ይላል።

ወንድምሽ ማንሃይም አለ ብለሻል። እሱ በስሙ ተቀባይ መሆን ከቻለ ሮተርዳም አያስፈልግሽም፣ በቀጥታ ፍራንክፈርት አስገቢው። ድርጅት አለው ወይስ ተቀጣሪ ነው? እሱን ጻፊልኝና የምትልኪውን የኢንቮይስ ናሙና በውስጥ መስመር ላኪልኝ፤ ሳትጭኚ በፊት አየዋለሁ።