ብስክሌቴን ውርጭ ላይ አወጣችው

ደብዳቤው የመጣው ከደብረ ብርሃን ነው። ጸሐፊው የ33 ዓመት ሰው ነው፤ ባለትዳርና የአንድ ልጅ አባት። ፋብሪካ ውስጥ በጥገና ሥራ ይተዳደራል። ረጅም ስለሆነ አሳጥሬ ላቅርበው።

«ብስክሌት ከልጅነቴ ጀምሮ እነዳለሁ። የምር የያዝኩት ግን አምና ኅዳር ላይ ነው። ከ3 ጓደኞቼ ጋር ሌሊት 11 ሰዓት እንወጣለን። በአዘቦት ቀን ጫጫ ደርሰን እንመለሳለን። ቅዳሜ በጉዶ በረት አድርገን ጣርማ በር፣ ዋሻውን አልፈን ደብረ ሲና፣ ከዚያ ዳገቱን መልሰን መውጣት ነው። ነፋሱን በየተራ እንሰብራለን። ዳገቱ ላይ ምንም አላስብም፤ እፎይ የምለው እዚያ ብቻ ነው። አንድ ቀን ጣርማ በር ላይ ጎማ ፈነዳብን። ጓደኛችን ትርፍ ጎማ አልያዘም፤ አንድ ሰዓት ብርድ ላይ ቆመን ቀረን። በዓመቱ ውስጥ 3 የአካባቢ ውድድሮች ገብቼ 14ኛ፣ 9ኛ፣ በመጨረሻ 4ኛ ወጣሁ።

ችግሬ ባለቤቴ ናት። አንድም ቀን መጥታ አላየችኝም። 4ኛ ስወጣ እንኳ ‹ጎሽ› አላለችኝም። ትንሿ ክፍል ባዶ ስለሆነች ብስክሌቴን እዚያ አስገብቻለሁ፤ ዝናብ ሲሆን ቤት ውስጥ የምነዳበትን ማቆሚያም እዚያው ተክያለሁ። እሷ ክፍሏን አትረግጣትም። አንዴ የሰንሰለት ግራሶ አምና የሰፋችውን ቢጫ መጋረጃ ነካብኝና 2 ቀን አኮረፈችኝ። ያለፈው ጥቅምት 18 ግን ባሰባት። ሌሊት ስነሳ ብስክሌቴ ግቢ ውስጥ ተጋድሟል። ኮርቻው ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ተጋግሯል። ‹ለምን?› ስላት ‹ይበርደዋል?› አለችኝ። አልጠጣም፣ አልቅምም፣ ሌላ ሴት አላውቅም። አምና ጥቅምት የ7 ወር ጽንስ ጠፍቶባት ነበር፤ አሁን ግን ደህና ናት። ትዳሬን ልምረጥ ወይስ ስፖርቴን?»

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እንኳን 4ኛ ወጣህ። ደብረ ብርሃን ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከዚያ ተነስቶ ደብረ ሲና ደርሶ መመለስ 120 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ፋብሪካ ለሚውል ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። «ጎሽ» የሚልህ ሰው ቤትህ ውስጥ ማጣትህ እንደሚያም ይገባኛል።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሦስተኛው አንዲት ቃል ላይ ቀረሁ። «ጠፍቶባት» የምትለው ላይ።

ጣርማ በር ላይ ጎማ «ፈነዳብን» ብለሃል። የፈነዳው የጓደኛህ ጎማ ነው። ያንተ ደህና ነበር። ግን አራታችሁም አብራችሁ ብርድ ላይ ቆማችኋልና «ብን» አልክ። አብሮ የሚጓዝ ሰው እንዲህ ነው የሚናገረው። ልጃችሁ ላይ ስትደርስ ግን «ባት» ሆነ። ጠፍቶባት። ጓደኛህ ጎማ ሲፈነዳበት የአራታችሁ ጉዳት ሆነ፤ ልጅህ ሲሞት የእሷ ብቻ። ሆን ብለህ እንዳልጻፍከው አውቃለሁ። እኔንም ያሳሰበኝ ሳታስበው መውጣቱ ነው።

አሁን ወደ ትንሿ ክፍል እንመለስ። «ባዶ ስለሆነች» ብለሃል። መጋረጃውን የሰፋችው አምና ነው። አምና ነፍሰ ጡር ነበረች። ቢጫውን ጨርቅ ለማን ብላ እንደገዛችው፣ ስትሰፋው ምን እያሰበች እንደነበር መገመት ይከብድሃል? ያቺ ክፍል ሰው ትጠብቅ ነበር። የጠበቀችው ሳይመጣ ቀረ። ከዚያ አንድ ቀን ባለቤትህ በሩን ስትከፍት ውስጡ ብስክሌት ቆሟል። ሌላ ጊዜ ደግሞ መጋረጃው ላይ ግራሶ አየች። 2 ቀን ያኮረፈችው ለጨርቅ ይመስልሃል?

ስለ ጥቅምት 18ም ልጠይቅህ። አምና ሐዘኑ የደረሰው በየትኛው ቀን ነበር? አልጻፍከውም። ወሩን ግን ጽፈሃል፤ ያው ጥቅምት ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባልለት ብርድ፣ እናንተ ዘንድ ደግሞ ውርጭ የሚጋገርበት ወቅት። በዚያ ሌሊት ተነስታ ብስክሌቱን አወጣችው። ስትጠይቃት «ይበርደዋል?» አለችህ። አንተ እንደ ሹፈት ወሰድከው። ልሳሳት እችላለሁ፤ እኔ ግን ስታሾፍ አልሰማኋትም። ልጇን አፈር ያለበሰች እናት ውርጭ ሲወርድ በመጀመሪያ የሚመጣባት ጥያቄ ይኸው ነው። ለማንም ጮክ ብላ ልትጠይቀው አትችልም። ለብስክሌት ጠየቀችው።

ለእንዲህ ያለ ሐዘን አገራችን ቦታ የላትም። ትልቅ ሰው ሲሞት እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይዞ ይመጣል፣ ሰው አብሮ ያድራል። አርባው ይወጣል፣ ሰማንያው ይወጣል። ሳይጠመቅ ለሞተ ሕፃን ይህ ሁሉ የለም። ለእናትየው የሚነገራት «አንቺ እንኳን ተረፍሽ፣ ሌላ ይሰጥሻል» ነው። በክፋት አይደለም። ግን ዝም እንድትል የሚነግራት ቃል ነው። ሰውነቷ ደግሞ ዝም አይልም። ጽንሱ በ7 ወር ቢሞትም የእናትየው ጡት በ2 ወይም በ3 ቀን ውስጥ ወተት ይሞላል። ሰውነት ልጁ መሞቱን አያውቅም። ያን ሰሞን ባለቤትህ ወተቱ እየፈሰሰ ልብሷን ስትቀይር አይተሃት ታውቃለህ? ወይስ ብቻዋን ነው የቀየረችው?

እስካሁን በአንተ ላይ የጨከንኩ ከመሰለህ ትንሽ ታገሠኝ። አንተም ግዴለሽ አይደለህም። ጥቅምት ላይ ልጅህ ሞተ፤ ኅዳር ላይ ብስክሌት የምር ያዝክ። ሁለቱን ደብዳቤህ ውስጥ አራርቀህ ነው ያስቀመጥካቸው። «ዳገቱ ላይ ምንም አላስብም፤ እፎይ የምለው እዚያ ብቻ ነው» ብለሃል። ሌላ ቦታ ምንድን ነው የምታስበው? እኔ ሐዘንተኛ ነው ያየሁት። ዳገት ደግ ነገር አለው፤ ያቃጥልሃል ግን ያልቃል። ጣርማ በር ላይ ስትደርስ አለቀ ነው። ቤትህ ውስጥ ያለው ሕመም እንዲህ የሚያልቅበት ቦታ የለውም። ስለዚህ ሌሊት 11 ሰዓት ጥለኸው ትወጣለህ። አልፈርድብህም።

ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት የተባሉ ኔዘርላንድ ውስጥ ይሠሩ የነበሩ ተመራማሪዎች በ1999 እ.ኤ.አ. ስለ ሐዘን የጻፉት ሐሳብ አለ፤ ከጥንዶች ጋር ስሠራ ሁሌም ትዝ ይለኛል። ሐዘንተኛ በሁለት ነገሮች መካከል ይመላለሳል ይላሉ። አንዴ ወደ ሞተው ዞሮ ያለቅሳል፤ ናፍቆቱን፣ ቁጭቱን ያወጣል። አንዴ ደግሞ ፊቱን ወደ ኑሮ ይመልሳል፤ ይሠራል፣ ይስቃል፣ ለጥቂት ሰዓት ይረሳል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ጤናው መመላለሱ ላይ ነው።

ትዳር ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የማየው ሌላ ነገር ነው። ሁለቱ ሰዎች ሥራውን ይካፈሉታል። አንዱ መርሳቱን ሲይዝ ሌላው ማስታወሱ ይቀርለታል። ሳይነጋገሩ ነው የሚካፈሉት። እናንተ ቤት አንተ መንገዱን ያዝክ፣ ለእሷ ክፍሏ ቀረች። አንተ በረሳህ ቁጥር እሷ የሁለታችሁን ያህል ታስታውሳለች፤ አለበለዚያ ልጁን የሚያስታውስ ሰው ሊጠፋ ነው። እሷ ባስታወሰች ቁጥር ደግሞ አንተ ከቤት ትሸሻለህ። ከዚያ አንተ «ስፖርቴን ጠላች» ትላለህ። እሷ ምን እንደምትል አልጻፍክም። «ልጄን ረሳው» የምትል ይመስለኛል።

ነፋሱን በየተራ እንሰብራለን ብለሃል። ከፊት የሚነዳው ነፋሱን ይቀበላል፣ ከኋላ ያለው ያርፋል፣ ከዚያ ይቀያየራሉ። ከጓደኞቻችሁ አንዱን ከደብረ ብርሃን እስከ ደብረ ሲና ፊት አስቀድማችሁ፣ ሳትቀይሩት፣ ዳገቱ ላይ ሲቀር ትቆጡታላችሁ? ባለቤትህ ዓመቱን ሙሉ ፊት ላይ ናት።

ስለዚህ ስፖርቴን ልተው ወይ ላልከው፣ አትተው። ብትተው ያቺ እፎይታህም ትሄዳለች፤ ውሎ አድሮም እሷ ላይ ቂም ትይዛለህ። ከዚህ በታች የምልህን እንደ መነሻ ብቻ ውሰደው፤ ቤታችሁን የማውቀው በደብዳቤ ነው።

ብስክሌቱን ራስህ ከክፍሏ አውጣው። ጨርቅ አልብሰህ በረንዳም ሆነ መኝታ ቤት ጥግ ይሁን። መጋረጃውን ግን ሳትጠይቃት አታጥበው፣ አታውርደውም። የእሷ ነው። አንድ ቅዳሜ ቅርና ቡና አብራችሁ ጠጡ። «የልጃችን ነገር እኔንም አሞኛል» በላት። ካለቀሰች «በቃ፣ በቃ» አትበላት። ከተቆጣች ወይም ዝም ካለችም አትደንግጥ፤ ዓመት የተዘጋ ነገር በአንድ ቡና አይከፈትም። ታገሥ።

ከተቻለ ደግሞ ሁለታችሁም አንድ ባለሙያ ፊት ብትቀመጡ ደስ ይለኛል። አቅራቢያችሁ ያለ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል ካለው ከዚያ መጀመር ይቻላል። የምታምኗቸው የንስሐ አባት ካሉ እሳቸውም አብረው ይግቡበት። «ደህና ናት» ያልካትን ነገር ግን ደግመህ አስብበት። እንቅልፍ ከራቃት፣ ምግብ ከተወች፣ ወይም «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ቃል ከአፏ ከወጣ አንድ ቀንም ሳታሳድር ሐኪም ጋ ውሰዳት።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። በ7 ወር ብዙ ወላጆች ስም ማሰብ ጀምረዋል። እናንተስ አስባችሁ ነበር? መልሱን ለእኔ አትጻፍልኝ። እሷን ጠይቃት።