መጀመሪያ ቦዩን ድፈኑት

ወንድሜ፣ ደብረ ብርሃን አካባቢ ያለው ረግረጋችን ደርቋል፣ ችግኝ ብንተክልበት ያገግማል ወይ ብለሃል። ባሕር ዛፍ ከሆነ በፍጹም! ውሃውን ይመጥጠዋል፤ ዳር ዳሩ ላይ ያለውንም ብታነሱት ጥሩ ነው። መጀመሪያ ውሃውን ለማጠንፈፍ የተቆፈረ ቦይ እንዳለ እዩ። ካለ በየተወሰነ ርቀት በአፈርና በድንጋይ ድፈኑት፣ ውሃው ሜዳው ላይ ተኝቶ እንዲሰርግ እንጂ ተንደርድሮ እንዳይወጣ። ከላይ ተዳፋቱ ላይ እርከን ከሌለ ግን ደለል ይሞላዋል። በክረምት ከብት አታስገቡ፣ እርጥብ አፈር ሲረገጥ ይጠቀጠቃል። ቄጠማው ሥሩ ካልጠፋ ራሱ ይመለሳል። ከባዱ ነገር ከብቱ ምን ይብላ የሚለው ነው። እዚያው ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ጓሳ ላይ፣ ድሮ ቄሮ በሚባል ባህላዊ የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት ዘግተው በስምምነት ይከፍቱት ነበር። እናንተም አጭዶ መውሰዱን ፍቀዱ፣ ልቅ ግጦሹን ግን አስቁሙ።